የቅዳሜው የአንኮበር ጉዞ

ሰላም ውድ አባላት፣

"አንኮበር ስንት ሰዓት ይበቃናል?" የሚል ጥያቄ ስለበዛ ነው የምጽፈው።

ለቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል እንመድብ። ብዙ ግንብ የምታዩ እንዳይመስላችሁ። ከዳግማዊ ምኒልክ ግቢ የቀረው ትንሽ ነው፤ እሱን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጊዜ የሚበላው ዳገቱና እይታው ነው። አናቱ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ምድሩ ቁልቁል ወርዶ እስከ አፋር ቆላ ይዘረጋል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለምን እዚህ ቦታ እንደተቀመጡ ያኔ ቁልጭ ይላል። ጉልበት የሚያማችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ማንም አያጣድፋችሁም።

ጭጋግ ከወረደ ግን የፊታችን ሰው እንኳ አይታይም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ልክ 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት እንነሳለን። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠመዝማዛ ነው። (የሐበሻ ቀጠሮ ይቅርብን፣ እባካችሁ!)

ወፍ ወዳዶች፣ በአገራችን ብቻ የምትገኘውን የአንኮበሯን ወፍ ለመፈለግ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ጠይቃችኋል። ተፈቅዷል፤ ሌሎቻችን በዚያ ሰዓት ምሳ እንበላለን። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት አትርሱ።