የትኛዋ ቪክቶሪያ? ስም ብቻ ስትልኩልን ለምን መልሰን እንደምንጠይቅ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ናችሁ? ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከብዙዎቻችሁ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ካርታ ወይም የድምፅ ቅጂ ትልኩልናላችሁ። ጀርባው ላይ ወይም ፋይሉ ላይ አንድ ስም ተጽፏል። እኛ ደግሞ ስካን አድርገን ማውጫ ውስጥ ከማስገባታችን በፊት «የትኛው ነው?» ብለን እንመለሳለን። ያኔ «ስሙን ነግሬያችሁ የለ እንዴ? ሌላ ምን ቀረ?» የሚል መልስ ይመጣል። አንዳንዶቻችሁ ሥራ ለማጓተት ሰበብ የምንፈልግ ይመስላችኋል። አይደለም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁና ከዚያ እናንተው ፍረዱ።

ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንድ ስም የሰው፣ የከተማ፣ የሐይቅ፣ የመርከብ፣ የአበባ፣ የሜዳልያ፣ አልፎም ማርስ ላይ ያለ ጉድጓድ መጠሪያ ሊሆን ይችላል። የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። ይህን ሁሉ በአንዴ የሆነ ስም አለ፤ ቪክቶሪያ ይባላል። ነገሩን በእሱ ብናሳያችሁ ይሻላል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቪክቶሪያ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የምትለው የእንግሊዟ ንግሥት ናት። ከ1837 እስከ 1901 ነግሣለች። ያኔ ግዛቱ ሰፊ ስለነበር ስሟ በየአህጉሩ ካርታ ላይ ቀርቷል። በ1855 አሳሹ ዴቪድ ሊቪንግስተን የዛምቤዚ ወንዝን ፏፏቴ አይቶ በእሷ ስም ጠራው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላው አሳሽ ጆን ስፒክ የአፍሪካ ትልቁ ሐይቅ ዳርቻ ደርሶ ለዚያም ይህንኑ ስም ሰጠ። ሁለቱም ቦታዎች ከዚያ በፊት ስም አልባ አልነበሩም። ሐይቁ በሉጋንዳ ቋንቋ ናሉባሌ ነው። ፏፏቴውም ሞሲ ኦአ ቱንያ የሚባል የቆየ ስም አለው፤ ዩኔስኮም በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሁለቱንም ስሞች ይዞ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው የአያቱን ፎቶ ቢልክልን፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ «ቪክቶሪያ አጠገብ» የሚል ብቻ ቢሆን የት እናስገባው? ሐይቁን የሚጋሩት ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ናቸው። ፏፏቴው ያለው በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ነው። ሁለቱም ውሃ፣ ሁለቱም አፍሪካ ውስጥ፣ ሁለቱም ቪክቶሪያ። ነገር ግን አንዱ የናይል ነው፣ ሌላው የዛምቤዚ፤ በመካከላቸውም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

ከተማ ከሆነስ? የሲሸልስ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ ናት። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዋና ከተማም ቪክቶሪያ ናት። ይቺኛዋ ሌላም ጣጣ አለባት። ያለችው ቫንኩቨር በሚባል ደሴት ላይ ነው፤ ቫንኩቨር የሚባለው ከተማ ግን ደሴቱ ላይ ሳይሆን ከውሃው ማዶ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ቪክቶሪያ የአንድ ክልል ስም ነው፣ ዋና ከተማውም ሜልበርን ነው። ታላቁ የቪክቶሪያ በረሃ የሚባለውም እዚያው አውስትራሊያ ነው ያለው፤ ቪክቶሪያ ክልል ውስጥ ግን አይደለም። በምዕራብ አውስትራሊያና በደቡብ አውስትራሊያ ክልሎች ላይ ነው የተዘረጋው። ስሙን ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው የበረሃውን ፎቶ ከሜልበርን ፎቶዎች ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ቢከተው ማንም አይፈርድበትም። ያ ፎቶ ግን ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

ዓመት ለምን እንደምንጠይቅም እግረ መንገዳችንን እንንገራችሁ። ካሜሩን ውስጥ፣ አትላንቲክ ጠረፍ ላይ ሊምቤ የምትባል ከተማ አለች። ከ1858 ጀምሮ ስትጠራበት የኖረችው ስም ቪክቶሪያ ነበር። ሊምቤ የተባለችው በ1982 ነው። በ1970 ከዚያ የተላከ ደብዳቤ ላይ የሚገኘው «ቪክቶሪያ» ነው፣ በ1990 የተላከው ላይ ግን «ሊምቤ»። ከተማዋ ያው ናት። ዓመቱን ካልነገራችሁን የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሲሸልስ ይሁን ከካናዳ ወይስ ከካሜሩን የምናውቅበት መንገድ የለንም። ዓመቱንና አገሩን ካወቅን ግን ሁለቱንም ደብዳቤዎች በአንድ መዝገብ ሥር አድርገን፣ በድሮውም በአሁኑም ስም የሚፈልግ ሰው እንዲያገኛቸው እናደርጋለን።

አሁን እኛን በጣም የሚያስደንቀን ክፍል ላይ ደረስን። ስሙ አንድ ስለሆነ ምንጩም አንድ ነው ማለት አይደለም። ማርስ ላይ ቪክቶሪያ የሚባል ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ ኦፖርቹኒቲ የምትባለው ተሽከርካሪ በ2006 ደርሳበት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ዙሪያውንና ውስጡን አጥንታለች። የተሰየመው ግን በንግሥቲቱ አይደለም። በ1519 ከባሕር አሳሹ ከማጄላን ጋር ከስፔን ከተነሡት አምስት መርከቦች አንዷ ቪክቶሪያ ትባል ነበር፤ በ1522 ምድርን ዞራ የተመለሰችውም እሷ ብቻ ናት። ጉድጓዱ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ያለችው ሲዩዳድ ቪክቶሪያም ከንግሥቲቱ ጋር አትገናኝም። የተሰየመችው በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በጓዳሉፔ ቪክቶሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ወንድ ነው፣ ስሙንም በነፃነት ትግሉ ጊዜ ለራሱ ያወጣው ነው። ቶማስ ሉዊስ ዴ ቪክቶሪያ የሚባለው ስፔናዊ የዜማ ደራሲ የሞተው በ1611 ነው፤ ንግሥቲቱ በ1819 ስትወለድ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።

ከዋክብት ተመራማሪዎች ዘንድም ይህ ስም ክርክር አስነሥቶ ነበር። በ1850 ጆን ራስል ሃይንድ አንድ አስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ትንሽ የድንጋይ አካል) አገኘና ቪክቶሪያ አለው። አንዳንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በሕይወት ባለ ሰው ስም መሰየም ልክ አይደለም ብለው ተቃወሙ። ስሙ ግን የሮማውያን የድል አምላክ ስምም ነውና በመጨረሻ ጸና። ዛሬ አስትሮይዱ በመዝገብ የሚታወቀው 12 ቪክቶሪያ ተብሎ ነው። ያቺ 12 ቁጥር ትልቅ ሥራ ነው የምትሠራው። ስሙ የማንም ይሁን የማን፣ ቁጥሩ የእሱ ብቻ ነው። እኛም ማውጫችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ቦታና ነገር የራሱን መለያ ቁጥር የምንሰጠው ለዚሁ ነው። ፋይላችሁ ላይ ከስሙ ጎን የምታዩትን ቁጥር እባካችሁ አትሰርዙት።

ቦታና ዓመት ተጽፎም ሊያሳስት ይችላል። አንድ ወረቀት ላይ «ቪክቶሪያ፣ ትሪፖሊ፣ 1893» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። ስም አለ፣ ቦታ አለ፣ ዓመት አለ። ይሁንና ትሪፖሊም ሁለት ናት፤ አንዷ የሊቢያ ዋና ከተማ፣ አንዷ ሊባኖስ ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ። ቪክቶሪያ ደግሞ እዚህ ላይ ሰውም ከተማም አይደለችም፤ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት። በሰኔ 1893 በልምምድ ላይ ሳለች ካምፐርዳውን ከተባለችው የራሷ ወገን መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ 358 ሰዎች ሞቱ። የሰጠመችውም በሊባኖሷ ትሪፖሊ ፊት ለፊት ነው። ወረቀቱ ላይ «መርከብ» የሚል አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ፍለጋ ባላስፈለገ ነበር። ለዚህ ነው ስምና ቦታ ብቻ ሳይሆን ምንነቱንም ንገሩን የምንላችሁ። ቪክቶሪያ የተባለ ሜዳልያም አለ፤ ከ1856 ጀምሮ ለጀግንነት የሚሰጥ የእንግሊዝ ሽልማት ነው። ቅጠሉ ከሁለት ሜትር በላይ የሚሰፋ የአማዞን የውሃ አበባም በዚሁ ስም ይጠራል።

ቪክቶሪያን አበዛን መሰለን፤ ሌሎቹም እንደሷው ናቸው። ጆርጂያ አገር ናት፣ የአሜሪካ ግዛትም ናት። ኮንጎ የሚባሉ ሁለት አገሮች አሉ፣ ዋና ከተሞቻቸው ብራዛቪልና ኪንሻሳ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የወንዙም ስም ኮንጎ ነው። ሜርኩሪ ፕላኔት ነው፣ ባዜቃ የሚባለው ፈሳሽ ብረታ ብረት ነው፣ የሮማውያን አምላክ ነው፣ አሜሪካ ሰው ወደ ጠፈር የላከችበት የመጀመሪያው ፕሮግራምም ነው። ፕሩኔላ በሳይንሳዊ ስም ወፍም ተክልም ነው፤ የእንስሳትና የዕፅዋት ስም አወጣጥ ደንብ የተለያየ ስለሆነ ይህ የተፈቀደ ነው። የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች ስም ደግሞ በስድስት ዓመት አንዴ ይመለሳል፣ ከባድ ጉዳት አድርሶ ከዝርዝሩ ካልወጣ በስተቀር። ያለ ዓመት የአውሎ ነፋስ ስም ብቻ ቢጻፍልን የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቀውም።

ሰው ላይ ሲደርስ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእሱ ዘመን ዊንስተን ቸርችል የሚባል አሜሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠውም አሜሪካዊው ነው። እንግሊዛዊው በ1899 ጽፎለት ተነጋገሩና፣ አንባቢ እንዳይደናገር እሱ መጽሐፎቹ ላይ ስፔንሰር የሚለውን ስሙን ጨምሮ ሊፈርም ተስማማ። ሁለት ሰዎች በደብዳቤ ተነጋግረው ነገሩን አስተካከሉት። ፎቶ ላይ ያሉት ያንተ ወይም ያንቺ ዘመዶች ግን ተነጋግረው አያስተካክሉልንም፤ ልንጠይቅ የምንችለው እናንተን ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍት ከጸሐፊው ስም ጎን የትውልድና የሞት ዓመት የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። እኛም ከቻላችሁ የትውልድ ዓመት፣ ካልሆነም የአባት ስም ወይም ሥራውን እንጠይቃለን።

«ይህን ኮምፒዩተሩ ራሱ አይለየውም ወይ?» ያላችሁንም አላችሁ። ፕሮግራሞቹን እንጠቀምባቸዋለን፣ ብዙ ድካምም ይቀንሱልናል። ግን ምንም ሌላ ፍንጭ ካላገኙ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ዝነኛውን ነው። «ቪክቶሪያ» ሲሏቸው ንግሥቲቱን ወይም ሐይቁን ያመጣሉ። እናንተ የምትልኩልን ደግሞ አብዛኛው ዝነኛ ያልሆነ ነው፤ የአክስት ደብዳቤ፣ የድሮ ሠርግ ፎቶ፣ የትንሽ ከተማ ካርታ። ዝነኛው ስም የናንተን ሰው እንዲሸፍነው አንፈልግም። ስለዚህ የመጨረሻውን ውሳኔ ሰው አይቶ ነው የሚወስነው።

ሌላም የምትጠይቁን ነገር አለ። «ማውጫው ላይ አንዱ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ይታያል፣ ለምን አትደምሩትም?» ሆን ብለን ነው። አንድ ሰው መሆናቸውን እርግጠኛ እስክንሆን ለየብቻ እናስቀምጣቸዋለን። ሁለት መዝገብ በኋላ መደመር ቀላል ነው። አንድ ጊዜ የተደባለቀን መለየት ግን እያንዳንዱን ፎቶና ወረቀት እንደገና አንሥቶ ማየት ይጠይቃል፤ በመካከሉ የአንዱ ሰው ታሪክ ለሌላው ተሰጥቶ ሊቀር ይችላል። እናንተ «አዎ፣ አንድ ሰው ናቸው» ካላችሁን ግን ወዲያው እንደምራለን።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስትልኩልን ከስሙ ጋር ሦስት አጫጭር ነገሮች ጻፉልን፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ። «ቪክቶሪያ፣ ከተማ፣ ካሜሩን፣ 1970 አካባቢ» ቢሆን በጣም በቂ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «በግምት» በሉና ጻፉት፣ እኛም በግምት ብለን እንመዘግበዋለን። ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ተዉት፣ ስሕተት ቢመስላችሁም አታርሙት፤ የድሮ ስም ሊሆን ይችላል። ቪክቶሪያ ይሁን ቪክቶርያ፣ በሆሄ አጻጻፍ አትጨነቁ፣ ሁሉም ፍለጋ ላይ እንዲገኝ እኛ እናገናኘዋለን። ፋይሎቻችሁን ግን «ቪክቶሪያ 1»፣ «ቪክቶሪያ 2» እያላችሁ ባትሰይሟቸው ደስ ይለናል፤ ቁጥሩ የፋይሉን ተራ እንጂ የትኛዋ እንደሆነች አይነግረንም።

አዲሱ መላኪያ ቅጽ ላይ ለሦስቱ ነገሮች ቦታ አዘጋጅተናል። ከዚህ በፊት ልካችሁ ጥያቄ ያልተመለሰላቸው ፋይሎች ያሏችሁ፣ ለላክንላችሁ መልእክት እዚያው ላይ መልስ ብትጽፉልን ይበቃል፤ እንደገና መላክ አያስፈልግም። የሚያውቅ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ፎቶውን አሳዩትና የሚለውን ጻፉልን። ድምፁን ቀድታችሁ ብትልኩልንም እንቀበላለን፤ ሰምተን እንጽፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማውጫ ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች