የክበባት ዘገባ፦ የጤና ቡድን ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራ

የጤና ቡድን ክበብ ባለፈው ጥቅምት ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ስብሰባ የተሳካ አልነበረም። ስለ ቡድን ሥራ ጠቃሚነት አንድ ሰዓት የሚፈጅ ገለጻ አዘጋጅቼ ነበር፤ ተማሪዎቹም በጨዋነት አዳመጡኝ፣ ማስታወሻም ያዙ። ነገር ግን ቀና ብዬ ክፍሉን ስመለከት የሕክምና ተማሪዎች ከፊት፣ የነርስነትና የአዋላጅነት ተማሪዎች ከግድግዳው ጥግ፣ የፋርማሲና የላብራቶሪ ተማሪዎች ደግሞ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥያቄ ያነሡት ሦስት ተማሪዎች ሦስቱም የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ስንወጣ የክበቡ ተባባሪ ኃላፊ የሆኑት የአዋላጅነት መምህርት፣ «ዶክተር፣ ስለ ቡድን ሥራ ብቻዎን ተናግረው ጨረሱ» አሉኝ። የዓመቱን ዕቅድ በዚያው ሳምንት ከሲስተር ጋር ሆነን እንደገና ጻፍነው፤ ገለጻ የሚባል ነገርም ከውስጡ ወጣ።

ክበቡን ያቋቋምንበት ምክንያት ለሁሉም ግልጽ ነው። በኮሌጃችን የሕክምና፣ የነርስነት፣ የአዋላጅነት፣ የፋርማሲ፣ የላብራቶሪና የአኔስቴዥያ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ በአንድ ካፌ ይመገባሉ፤ በትምህርት ግን እስኪመረቁ ድረስ በየክፍላቸው ተለያይተው ይቆያሉ። የሕክምና ተማሪው ክሊኒካል ትምህርቱን ጀምሮ ጋውን ለብሶ ዋርድ ሲገባ ታካሚውም አስታማሚውም ከዚያች ዕለት ጀምሮ «ዶክተር» ይሉታል። ማዕረጉ ከዕውቀቱ ቀድሞ ስለሚደርስም «ይህን አላውቅም፣ አሳዪኝ» ማለት ይከብደዋል። ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ዱቲ ሲያድር በሌሊት ከጎኑ የሚያገኛት ግን በዚያ ዋርድ ብዙ ዓመት የሠራችውን ሲስተር ነው፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቃት፣ ስትነግረውም እንዴት እንደሚሰማት ያስተማረው የለም።

አብሮ መማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ጎን ለጎን ያሠለጥን የነበረው በየጤና ጣቢያው በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነው፤ ተማሪዎቹም እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው ይለማመዱ ነበር። ዛሬም ተማሪዎች «ቲ.ቲ.ፒ.» የሚሉት የቡድን ሥልጠና የዚያ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማዕቀፍ የጋራ ትምህርት የሚባለው የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያዎች ተማሪዎች ስለ ሌላው፣ ከሌላውና ከሌላው ጋር ሲማሩ ነው ይላል። ከሦስቱ መካከል የሚጎድለን «ከሌላው» የሚለው ይመስለኛል፤ የቡድን ሥልጠናው ተማሪዎቹ ወደ ምረቃ ሲቃረቡ ስለሚመጣ፣ እስከዚያ ድረስ ማን ለማን እንደሚታዘዝ እያንዳንዱ በልቡ ወስኖ ይደርሳል።

በኅዳር ሥራውን ከላብራቶሪ ጀመርን፤ የመረጥነውም ቅሬታ የበዛበት ቦታ ስለሆነ ነው። ኢንተርኖች «ላብራቶሪ ናሙና ይመልስብናል» ብለው ያማርራሉ፣ በላብራቶሪ በኩል ደግሞ «የሚላክልን ነገር ናሙና አይባልም» ይባላል። አንድ የሦስተኛ ዓመት የላብራቶሪ ተማሪ ሁለት ቱቦዎች ይዞ ቀረበ፤ የአንዱ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ የሌላው ቀላ ያለ ነበር። ደም በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ወይም ከሲሪንጁ ወደ ቱቦው በግፊት ሲገባ ቀይ የደም ሴሎች እንደሚፈነዱ፣ በውስጣቸው የነበረው ፖታሲየም ወደ ሴረሙ እንደሚፈስ፣ በዚህም የታካሚው ፖታሲየም ሳይጨምር የጨመረ መስሎ እንደሚታይ አስረዳ። ቀጥሎ ባለ ሐምራዊ ክዳኑን ቱቦ አነሣ። በውስጡ ደሙ እንዳይረጋ የተጨመረው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ከፖታሲየም ጋር የተዋሐደ ጨው ስለሆነ፣ ከዚህ ቱቦ ወደ ባለ ቀይ ክዳኑ ቱቦ የተገለበጠ ደም ፖታሲየምን እጅግ ከፍ፣ ካልሲየምን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ይህን ውጤት አምኖ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም ደህና የነበረውን ሰው ይጎዳል።

በዚህ ጊዜ አንድ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ እጁን አወጣና፣ ደም ሲያንሰው ከሐምራዊው ወደ ቀዩ ጨምሮ እንደሚያውቅ በሁሉም ፊት ተናገረ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የላብራቶሪ ተማሪው ሳይቆጣ፣ «የምንመልሰው ለዚህ ነው» ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላቆመም፤ የትኛው ቱቦ እንደሚቀድም፣ ናሙና ሳይላክ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስም ያልተጻፈበት ቱቦ ለምን እንደሚጣል እየተጠየቀ ከተመደበልን ሰዓት በላይ ቆየን። እኔም የቱቦዎቹን ቅደም ተከተል ከተማሪነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን ለላብራቶሪ ባለሙያ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን በጥር ወር በሠርቶ ማሳያ ክፍል ያደረግነው ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ልምምድ ነው። መጀመሪያ ሲስተር ቀዝቃዛ የካርካዴ ሻይ በመስፈሪያ ለክተው በአንሶላ፣ በጎዝና በፎጣ ላይ አፈሰሱና እያንዳንዱ ተማሪ መጠኑን እየገመተ እንዲጽፍ አደረጉ። አብዛኛው የጻፈው ከፈሰሰው ያነሰ ነበር፤ 500 ሚሊ ሊትር የተባለው የአደጋ ወሰን አንሶላ ላይ ሲሰፋ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያየው ጥቂት ነው። የተሻለ የገመቱት የአዋላጅነት ተማሪዎች ነበሩ፤ የነገሩን ምክንያትም ደም የጠጣውን ፎጣ አንሥተው የሚጥሉት እነርሱ መሆናቸውን ነው።

ልምምዱ ሲጀመር የኢንተርኑን ቦታ የያዘው ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኦክሲቶሲን! ደም ይቀዳ! መስመር ይከፈት!» አለ። ኦክሲቶሲን ማኅፀንን አኮማትሮ ደሙን የሚያቆም መድኃኒት ስለሆነ ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ለማን እንደተነገረ ማንም አላወቀም። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ መርፌ እጃቸውን ዘረጉ፣ ደሙን የሚቀዳ ጠፋ፣ ከተቀዳ በኋላም ቱቦው ስም ሳይጻፍበት ወደ ላብራቶሪ ደረሰና ተመለሰ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። አዋላጅ የሆነችው ተማሪ «ማኅፀኗ ላልቷል» ብላ አስቀድማ ተናግራ ነበር፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ግን ኢንተርኑ አልሰማትም። እርሷም አልደገመችውም። ለምን እንዳልደገመችው ስትጠየቅ «ያየው መስሎኝ ነው» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እርሱ ዶክተር ነው ብዬ» ስትል ጨመረች።

ወንበር ከበን ተቀመጥንና የሆነውን አንድ በአንድ አነሣን። የፋርማሲ ተማሪዋ እስካሁን ማንም ያላሰበውን ጥያቄ አመጣች፦ «ኦክሲቶሲኑ ከፍሪጅ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?» ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት በትሪ ላይ ሲሰነብት ኃይሉ እንደሚደክም፣ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለውም አንዳንድ ጊዜ ስለዚህ ሊሆን እንደሚችል አስረዳች። ለሁለተኛው ዙር ራሳቸው ደንብ አወጡ። የሚያዝዘው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ትእዛዙን ይደግማል፣ ሲጨርስም «ተሰጥቷል» ይላል፤ አደጋውን መጀመሪያ ያየው ሰው ማንም ይሁን ማን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ መልስ እስኪያገኝም ይደግማል። በሁለተኛው ዙር ማኅፀን የሚያሻት፣ ፊኛ የሚያስለቅቅ፣ ደም የሚያቀርብና ሰዓት የሚመዘግብ ሰው ተለይቶ ታወቀ፤ ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበትን 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) ያስታወሰውም ሰዓት መዝጋቢው የነርስነት ተማሪ ነው።

ከዚህ ልምምድ የቋንቋ ጉዳይ ተወለደ፤ ዓመቱን ሙሉም ተከትሎን መጣ። ለሲኒየር ሐኪም ስልክ ሲደወል ሁኔታውን፣ ዳራውን፣ ግምገማንና ጥያቄን በቅደም ተከተል መናገር ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የመጣ ልማድ ነው። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ሲሉት ይዋጣላቸዋል፤ በአማርኛ ሲሞክሩት ግን ንግግራቸው ይላላል። «ዶክተር፣ ቢመቸዎት መጥተው ቢያዩልኝ» የሚለው ልመና ጨዋነት አለው፣ ሰዓት ግን የለውም፤ «አሁኑኑ ይምጡ» ማለት ደግሞ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሲስተር መካከለኛውን አገኙልን፤ አንቱታው እንዳለ ይቆይ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ ግን ይነገር አሉ። «ዶክተር፣ ደም እየፈሰሳት ነው፤ የደም ግፊቷ 80 በ50 ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲደርሱልኝ እፈልጋለሁ።» ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁሉም በየተራ ተነሥቶ እንዲናገራት አደረግን። ከሕክምና ተማሪዎች መካከል ሳይስቅ የጨረሳት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እነርሱ ራሳቸው እንዲህ እንደሚባሉ እዚያው ገባቸው።

በመጋቢት ወር በውስጥ ደዌ ዋርድ አንድ ታካሚ ከተለያየ ሙያ በመጡ አራት ተማሪዎች እንዲጠየቁ ተደረገ። የልብ ድካም ያለባቸው እኒህ አባት በተደጋጋሚ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ተመልሰው ይተኛሉ። የሕክምና ተማሪው የልብ ድካም የሚያባብሱ ነገሮችን ዝርዝር አሟልቶ አቀረበ፤ መድኃኒት መውሰዳቸውን በሚመለከተው ቦታ «በሚገባ ይወስዳሉ» ብሎ ጽፏል። የፋርማሲ ተማሪው የቀሩትን የፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) እንክብሎች ቆጥሮ ቁጥሩ እንደማይገጥም አየ። ምክንያቱን ያገኘችው የነርስነት ተማሪዋ ነች፤ አንሶላ እየቀየረች ከልጃቸው ጋር ስትጨዋወት ዐቢይ ጾም በመሆኑ ጠዋት ምንም ወደ አፋቸው እንደማያስገቡ፣ ከጾሙም ውጭ ቢሆን ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት ቀን ሽንት እንዳያስቸግራቸው ክኒኑን እንደሚተዉት ሰማች። ለሐኪም ለምን እንዳልነገሩ ሲጠየቁ «የጠየቀኝ የለም፤ ‹ትወስዳለህ ወይ› አሉኝ፣ ‹አዎ› አልኩ» አሉ። ከኃላፊው ሐኪም ጋር ተመክሮ ሰዓቱ ከቅዳሴ በኋላ ተደረገ፤ የነፍስ አባታቸውንም እንዲያማክሩ ተነገራቸው። የሕክምና ተማሪው በካርዱ ላይ የጻፈውን በራሱ እጅ አስተካከለ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው በአጭሩ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ በሚያዝያ ተለማመድን። ከ19 ነጥቦቹ ክርክር ያስነሣው በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር የሚለው ብቻ ነው፤ «እንተዋወቃለን እኮ» ተባለ። የአኔስቴዥያ ተማሪው የሦስት የክበብ ጓደኞቹን ስም ጠየቀን፤ ያወቃቸው ሰው አልነበረም። ይህ ቅጽ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ባለችበት በስምንት ከተሞች በተፈተነ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን ያነበብንላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ያልተሳካውንም መመዝገብ ይገባል። በግንቦት የሕክምና ተማሪዎች ቁጥር በግልጽ ቀነሰ፤ ፈተና መቃረቡ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላው ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የሚጠየቀው «ነጥብ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ነጥብ የለውም። የስድስት ትምህርት ክፍሎች የጋራ ባዶ ሰዓት ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ደክሞት የሚመጣውን ተማሪ መውቀስ አልፈልግም። ይልቁንስ የየትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች በሳምንት ሁለት የጋራ ሰዓት በመደበኛው ፕሮግራም እንዲያስገቡልን፣ ሌላውን ሙያ ጠይቆ መረጃ ማምጣትም በዋርድ ምዘና ላይ ጥቂት ነጥብ እንዲኖረው በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ ሆና የተመረጠችው በጥር ልምምድ ድምፅዋ ያልተሰማው የአዋላጅነት ተማሪ ናት፤ ምክትሏም የአምስተኛ ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ነው። የሠርቶ ማሳያ ክፍሉ ኃላፊ በአንሶላዎቹ ላይ ስለቀረው የካርካዴ ቀለም የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል፤ ሁለት አዲስ አንሶላዎች ከአባላት መዋጮ ተገዝተው ተመልሰዋል።