«ኢጎ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እዚህ ሐዋሳ በመሥሪያ ቤት ስብሰባም ሆነ በባልና ሚስት ሽምግልና ላይ «ችግሩ ኢጎ ነው» የሚለው አባባል እየተዘወተረ በመምጣቱ፣ ስለ ቃሉ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

«ኢጎ» በላቲን ቋንቋ «እኔ» ማለት ነው። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 እ.ኤ.አ. የሰውን አእምሮ በሦስት ክፍሎች ሲገልጽ የተጠቀመው ተራውን የጀርመንኛ «እኔ» ሲሆን፣ ላቲኑን ያስገቡት ሥራውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ተርጓሚዎች ናቸው። በእርሱ አስተሳሰብ ይህ «እኔ» በደመ ነፍስ ፍላጎት፣ በኅሊና ወቀሳና በገሃዱ ዓለም ግዴታ መካከል ቆሞ የሚያስማማ፣ ሰው ስሜቱን ገትቶ ነገሩን እንዲያመዛዝን የሚያስችል ኃይል ነው፤ ስለዚህ መጠንከሩ ለጤናማ ሕይወት የሚያስፈልግ እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም።

እኛ ግን ቃሉን ለትዕቢትም፣ ለእልህም፣ አንዳንዴም ለተገቢ ክብር እናውለዋለን። ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጉሙ መለወጡ ያለ ነገር ነውና ይህን አልቃወምም። እጅግ የሚያሳስበኝ የሚያስከትለው በደል ነው። ደመወዟ ያላግባብ የተቆረጠባት ሠራተኛ መብቷን ስትጠይቅ «ኢጎ አለባት» ከተባለች አቤቱታዋ ሳይሰማ ይቀራል፤ ይቅርታ መጠየቅ ያቃተው አለቃ ደግሞ «ኢጎው ነው» ሲባል ጥፋቱ እንደ ተፈጥሮ ጠባይ ይታለፍለታል። በተለይ በሽምግልና የተቀመጡ ሰዎች ይህን ቃል ከመናገራቸው በፊት ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ ቢጠይቁ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ