ቴምፖውን ለማንም እንዳትሰጪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ቶሎ ገባ። ትናንት ማለዳ ወፍጮ ቤቱን ስከፍት ጓጉንቸሩ ጣቴን ሊያስቀረው ነበር። የደብረ ብርሃንን ጥቅምት መቼም አልረሳሽውም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። በስልክ ሳወራሽ "እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ" ትይኛለሽ፣ እኔም ልናገር ያሰብኩት ይጠፋኛል። ደግሞ ይኼን ነገር እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ማውራት አልችልም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

እሁድ ማታ አክስትሽ ደወለች። እንዳትቆጪያት፤ ልታሳጣሽ ብላ አይደለም። መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ የግማሽ ቀን የካሸር ሥራ አገኘች አለችኝ። ደስ አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ጫማ ከጨረሱ በኋላ ግማሽ ቀንም ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ዋናውን ሥራ መፈለግሽን ትቀጥያለሽ። ወዲያው ግን "ባለቤቱ መያዣ ስለሚፈልግ ቴምፖዋን፣ ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀቷን፣ እሱ ጋ ልታስቀምጥ ነው" ስትለኝ እራቴ እዚያው ሰሃኑ ላይ ቀረ።

ልጄ፣ ቴምፖሽን አትስጪ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይኼን አትርሺ። ኦርጅናሉ የሚሰጥሽ የኮስት ሼሪንጉን፣ የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ስትጨርሺ ነው። እስከዚያ በእጅሽ ያለችው ያቺ አንድ ወረቀት ናት። እንቅልፍ ያሳጣሽ የመውጫ ፈተናም፣ እናትሽ የሸጠቻቸው ሁለት በጎችም እሷ ውስጥ ናቸው።

ጊዜው እንደከበደ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል እኔ ነገሩን ከሬዲዮ ብቻ አልሰማሁትም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ ለወፍጮው ኩሽኔታ ልገዛ ሄጄ ባለሱቁ "ጋሼ፣ ባለፈው የነገርኩህን ዋጋ እርሳው" አለኝ። ኩንታል ያስፈጩ የነበሩ ደንበኞቼ አሁን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው እነሱም ያፍራሉ፣ እኔም ወደ ሌላ አያለሁ። ሰው በፌስታል ሲያስፈጭ፣ ካፌውም ሱቁም ሠራተኛ እንደሚቀንስ ለማወቅ አካውንቲንግ መማር አያስፈልግም። ፈላጊ ሲበዛ ቀጣሪ ይኮራል። የማይጠየቀውንም ይጠይቃል።

እኔም አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ የገባሁት እንዲሁ ብር በወደቀበት ዓመት ነው፤ በ1985። 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። ያኔ ስለ ዶላር ምን አውቄ! የማውቀው በሄድኩበት ሁሉ "ቅጥር የለም" መባሌን ነው። የተበተነው ወታደር ሥራ ይፈልጋል፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሁሉ ሥራ ይፈልጋል። በስንት ልመና እህል በረንዳ አንድ መጋዘን ውስጥ የኬሻ ቆጣሪ ሆንኩ። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት። ልክ እንዳንቺ ግማሽ ቀን።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። "ለእምነት ያህል" ብሎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ፎቶዬ ላይ ያረፈው ማኅተም ግራ ጆሮዬን ለሁለት ከፍሎት ነበር። እሱን አየና "ጆሮህን ቆርጠውታል እኮ" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የብረት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ነበር የሚያንጠለጥለው።

በአምስተኛው ወር ስድስት ኩንታል ጤፍ ጎደለ። እኔ አልነካሁም። ማን እንደነካው እስከ ዛሬ አላውቅም። "እስክትከፍል ወረቀትህ እዚህ ይቆያል" አለኝ። የዓመት ደሞዜን ባፈስለት አይሞላም። በዚያው ሰሞን አገር ቤት የመምህርነት ሥልጠና ምዝገባ ወጣ ብለው ላኩብኝ። ዋናውን ወረቀት ያልያዘ አይመዘገብም። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልለምነው ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሰውየው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ብርጭቆውን ጨርሶ ሁለተኛ አዘዘ። ሌባ ቢለኝስ፣ ሰው ቢሰበሰብብኝስ እያልኩ ቆሜ ቆሜ፣ ሳልሻገር ተመለስኩ። በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እናቴ "ወረቀትህስ?" ስትለኝ "አውቶቡስ ተራ ላይ ሌባ ወሰደብኝ" አልኳት።

አዎ። በየበዓሉ የምትስቁበት ያ የአውቶቡስ ተራ ሌባ የለም። ኖሮም አያውቅም። አያትሽ እስክታርፍ ድረስ ስትረግመው ኖረች። ሻማ አብርታ ረገመችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ "አሜን" እል ነበር።

ምትክ ማውጣት ይቻል እንደነበር የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ታላቅ ወንድምሽ ተወልዶ፣ ቅንድቤ ዱቄት ከለበሰ ወዲያ። በወፍጮው አላማርርም። አራታችሁን ያሳደገ እሱ ነው። ግን አንዳንዴ አስተማሪዎቹ ዱቄት ሊወስዱ ሲመጡ የኪሳቸውን እስክሪብቶ አያለሁ።

ልመክርሽ ተቀምጬ የራሴን አወራሁ። ወደ አንቺ ልመለስ።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ የወጡትን ጎረቤታችንን ታውቂያቸዋለሽ፤ በሠራተኛ ማኅበር ስንት ዓመት የተከራከሩትን። ሰኞ ማታ ሄጄ አማከርኳቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። ውል በጽሑፍ ካልተፈራረማችሁ ሰውየው በ15 ቀን ውስጥ የሥራሽን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ "ሙከራ ላይ ነሽ" እያለ ዓመት እንዳያንከባልልሽ። ከደሞዝሽ ሊቆረጥ ቢገባ እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝሽ ሲሶ አያልፍም። ይቺን ሲያነቡልኝ ስድስቱ ኩንታል ትዝ ብለውኝ ዝም አልኩ። ደግሞ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። "መመዝገቢያ" ብለሽ የከፈልሽውን ብርም ሰምቻለሁ። እሱስ ሄደ፣ ይሂድ። ሁለተኛ ግን እንዳትደግሚው። በቴሌግራም "መጀመሪያ ይህን ያህል አስገቢ" የሚልሽንም ወዲያው ዝጊው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። አትከራከሪኝ። ነገ አምስት ኮፒ አስነሺ። ዋናውን ለሰውየው አሳዪው፣ ዓይኑ እያየ ከኮፒው ጋር ያመሳክር፣ ከዚያ ዋናውን ወደ ቦርሳሽ መልሺ። ኮፒው ላይ "ለሥራ ቅጥር ብቻ" ብለሽ ቀን ጻፊበት። መያዣ አምጪ ካለሽ፣ መያዣ ሰው ነው በዪው፤ ዋስ ይጠይቅ። የአክስትሽ ባል የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው፣ የደሞዝ ማረጋገጫ ማጻፍ ይችላል። አንቺ እንዳታፍሪ እኔ ራሴ ደውዬለታለሁ። እሺ ብሏል። ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ገና ሲመጣ በግ እልክለታለሁ። ማታ ሒሳብ ስታስረክቢም ብሩ ፊትሽ ይቆጠር፣ አስፈርሚ። ነገ ይፈርማል ብለሽ ወደ ቤት እንዳትሄጂ።

እምቢ ካለ ሥራው ይቅር። አዎ፣ ይቅር አልኩ። ቤት ለቤት ልጅ ማስጠናትም ሥራ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ የጎረቤቱን ልጅ ሒሳብ አስጠንተሽ በእንቁላል የተከፈለሽ ትዝ ይልሻል? ሃያ ሦስት እንቁላል አጠራቅመሽ ለእናትሽ ነጠላ ልትገዢ አስበሽ ነበር። አሥሩን ወንድምሽ ሰብሮ። እንዴት እንዳለቀስሽ! ያኔም ቢሆን ማስተማሩን ትችይበት ነበር፤ እውነቴን ነው።

ቴምፖሽን ከወዲሁ ሰጥተሽው ከሆነስ? ሌሊቱን ይኼንንም ሳስብ አደርኩ። ከሰጠሽው ነገ ጠዋት ሂጂና ተቀበዪ። ብቻሽን አይደለም፤ ከአክስትሽ ባል ጋር። "አባቴ አመጪ ብሎኛል" በዪው፣ በእኔ አመካኚ። የኔ እናት፣ ብቻ ከመንገዱ ማዶ አትቁሚ። ግቢ።

ሐሙስ ከረፋዱ ላይ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ሚኒባሱ ላምበረት ይደርሳል። ሾፌሩ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን አታጥፊ። አምስት ኪሎ በሶ አለ፤ ገብሱን እናትሽ ቆላችው፣ እኔ ፈጨሁት። ደረቅ ዕቃ ውስጥ ገልብጪው። ከሥር በፌስታል የታሰረው ቆሎ የአክስትሽ ነው፣ እንዳትነኪው። ማዳበሪያውን አጥፈሽ በዚያው ሾፌር መልሺልኝ፤ የደንበኛ ነው።

ለእናትሽ ስለ አውቶቡስ ተራው ሌባ ቅዳሜ እነግራታለሁ። እስከዚያ በስልክም ቢሆን ምንም እንዳትያት።

ቴምፖውንም ዛሬውኑ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በእጅሽ ይዘሽው።

አባትሽ