ቴፑ አልበላውም

አባባ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህ እንዴት ይዞሃል፣ ደሴ ብርዱ ጀምሯል አሉ፣ አንተ ደሞ ጋቢ ሳትደርብ ማለዳ በረንዳ ላይ ትቀመጣለህ። ማን ነገረሽ? እማዬ ናት የነገረችኝ። የት ሆና አየች? ማድ ቤት መስኮት ጋ ሆና። ይኸው ምንጬን ጠቅሻለሁ፣ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀምሬ አቃተኝ። አንዱ ጆሮህ ደክሟል፣ እኔ ስጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ይሄ ደሞ ጎረቤት እንዲሰማው የምፈልገው ነገር አይደለም። በዛ ላይ አንተ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ወሬ ነው የምትለው። ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ አድርጌ ፕሪንት አድርጌዋለሁ፣ መነጽርህን እንደ ልማድህ ደብተር ውስጥ ከተህ ካልጠፋብህ ታነበዋለህ።

ሰፈሩ በሙሉ አንቱ ሲልህ፣ እማዬ ራሷ ሀምሳ ዓመት አብራህ ኖራ ዛሬም አንቱ ስትልህ፣ እኛ ልጆችህ ብቻ ነን አንተ እያልን ያደግነው። ራስህ ነህ ያስለመድከን፣ "አንቱ ያልሽውን ሰው ሲሳሳት አታርሚውም" ትለኝ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ላርምህ ነው። የማርመው ያንተን ስህተት ነው፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነው፣ እዛ እስክንደርስ ታገሰኝ።

ለመስቀል መጥቼ ደብተሮችህን አቧራ ሳራግፍ ቆጠርኳቸው፣ 61 ናቸው፣ አብዛኞቹ ባለ 50 ሉክ፣ የአንዳንዱን ጠርዝ አይጥ ቀምሶታል (እማዬ ድመት አምጡ ስትል ሰሚ አጥታ ነው)። ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ንጉሥ ሚካኤል አሉ፣ ልጅ ኢያሱ አሉ፣ ሸህ ጦልሃ አሉ፣ ለአድዋ ወረኢሉ የከተተው ጦር አለ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ግመል ይዞ የሚወርደው ነጋዴ አለ፣ የአይጠየፍ አዳራሽ ግብር አለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ሽማግሌና አሮጊቶች እስከ ቀበሌያቸው አሉ። አንተ የለህም። አንድ ገጽ የለህም። ለምን ብዬ ስጠይቅህ "እኔ ምን አለኝ፣ ጠመኔ ስበላ ነው የኖርኩት" ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅኩም።

እና ባንተው ስታይል እኔ ልጀምርልህ ብያለሁ፣ የተሳሳተውን በቀይ አርመው።

የትውልድ ዘመንህ መዝገብ ላይ 1938 ነው፣ አክስቴ ግን በህይወት እያለች "ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው የተወለደው" ትል ነበር፣ ያ 1936 ይሆናል። ሁለቱ ዓመት የት እንደገባ አንተ ታውቃለህ፣ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ሳትቀንሰው አልቀረህም ባይ ነኝ። ተንታ ተወለድክ። ቅድመ አያትህ ሁለት ስም ነበራቸው። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የአጼ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ተደርጎ ወሎ ተጠመቅ ሲባል፣ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ሲባሉ፣ ሸህ ጦልሃ እምቢ ብለው ሲዋጉ፣ የኛ ሰውዬ ደሞ አልተዋጉም፣ እስልምናቸውንም አልተዉም፣ ቀን በአንደኛው ስማቸው ማታ በሌላኛው እየተጠሩ ኖሩ። አንተ ደብተርህ ላይ ሁለቱንም ስም እኩል ጽፈህ መሃሉ ላይ እዝባር አድርገሃል። የትኛው ይቅደም ብለህ አስበህበት እንደነበር ከእዝባሩ ያስታውቃል፣ አንዴ ጽፈህ፣ ሰርዘህ፣ አቀያይረህ፣ ደግመህ ሰርዘሃል።

ከተንታ በሶህን ይዘህ በእግርህ ደሴ ወረድክ፣ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ገባህ። (የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት። እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ ይሄን በቃሌ አውቀው ነበር፣ ሌላው ልጅ የዘፈን ግጥም ሲሸመድድ።) ከዛ ደብረ ብርሃን መምህራን ማሰልጠኛ፣ ከዛ በ1958 የመጀመሪያ ምድብህ። ይሄን ቶሎ ያለፍኩት ስለማላውቅ ነው፣ ደብረ ብርሃን ምን እንደበላህ ከማን ጋር እንዳደርክ አንዴም አልነገርከኝም፣ ብርዱን ብቻ ነው የነገርከኝ።

ከዛ ውጫሌ። እዚህ ጋ እኔ ራሴ ምስክር ባልሆንም ተማሪዎችህን አግኝቻለሁ፣ አንዱ እዚህ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ የአባቴን ስም ሰምቶ ከመስኮቱ ወጥቶ አቀፈኝ። ልጆቹን ሰልፍ አስይዘህ ይስማ ንጉሥ ድረስ በእግር ወስደህ፣ ሳሩ ላይ አስቀምጠህ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚህ ቦታ አንድ ውል ሁለት ጊዜ ተጻፈ አልካቸው አሉ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት እጅ መጠቀም "ይቻላቸዋል"፣ በጣልያንኛው ግን ተስማምተዋል፣ ግዴታ ሆነ። ሰውዬው ዛሬ ብድር ሲያጸድቅ የውሉን ሁለቱንም ኮፒ ጎን ለጎን ሳያስተያይ እንደማይፈርም ነገረኝ፣ ከቲቸር ነው የያዝኩት አለ።

ያንተና የእማዬም ነገር እኮ አንቀጽ 17 ነው። አንተ ባቲ ገበያ አይቻት ሽማግሌ ላክሁ ትላለህ፣ እሷ ደሞ ባቲ የሄድኩት ከተጋባን በኋላ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወንድሜን ስጠብቅ ሱሪው ጠመኔ የሆነ ሰውዬ መጥቶ ውሃ አለሽ ወይ አለኝ ትላለች። በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈውን አንብቤ የሷን ነው ያመንኩት፣ ጠመኔው አሳመነኝ።

የ1965ቱ የስም መጥሪያ መዝገብ ከደብተሮቹ ስር ነበር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። መጀመሪያ ለምን እንዳስቀመጥከው አልገባኝም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ገጹ ንጹህ ነው፣ ጥር ላይ የቀሪ ምልክት እዚህም እዚያም ይታያል፣ ከየካቲት በኋላ እየወፈረ ይሄድና ሚያዝያ ላይ አንዳንዱ ስም ፊት ሙሉ መስመሩ ቀሪ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ የማንንም ስም አልሰረዝክም። የሚመጡ ይመስል በየቀኑ ጠርተሃቸዋል። እማዬ ናት ያኔ የነበረውን ረሃብ የነገረችኝ፣ ከየጁም ከራያም የተፈናቀለው ህዝብ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደሴ ሲወርድ፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ስታያቸው እንደማትቀሰቅሳቸው፣ አንዱን ቀስቅሰህ እንዳልነቃ። ይሄን አንተ ተናግረኸው አታውቅም። አንተ የተናገርከው አንዴ ብቻ ነው፣ እንግዶች መጥተው ረሃቡን ዓለም ያወቀው በእንግሊዙ ጋዜጠኛ ፊልም ነው፣ ጥቅምት 1966 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኛ ቴሌቪዥን ታይቶ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ ምናምን ሲባባሉ፣ አንተ ቡናህን አስቀምጠህ "እኔ በየካቲት ጽፌው ነበር" አልክና ተነስተህ ወጣህ። ኩራት መስሎኝ ነበር አባባ። መዝገቡን ሳየው ነው የገባኝ።

ታሪክ መጻፍ የጀመርከው በመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ሲሉህ እሺ ትላለህ፣ እኔ ግን ከዛ መዝገብ ነው የጀመርከው ባይ ነኝ። ለማንኛውም ሐምሌ 1971 ዘመቻው ታወጀ፣ አንተም ማታ ማታ በኩራዝ አዛውንት ማስተማር ያዝክ፣ እነሱ ሀ ሁ ይቆጥራሉ አንተ ደሞ በለውጡ ታሪክ ታወጣባቸዋለህ። አንዷ አሮጊት "ይሄ ልጅ ፊደሉን በነጻ መስሎኝ፣ ለካ በወሬ ነው የሚሸጠው" ማለቷን ራስህ ነህ የጻፍከው። ያን ጊዜ ነው ቴፕ ገዝተህ እማዬ ለሁለት ወር ያኮረፈችህ።

ይኸው ደረስን።

በ1972 የቀዳሃቸው ሽማግሌ፣ ሰገሌ ጦርነት የዘመቱት፣ አስራ ስድስት ዓመታቸው ሳለ የአጎታቸውን ጠመንጃ ተሸክመው የሄዱት። ባመቱ ሞቱ። ደብተር ቁጥር 9 ላይ ጀምረህላቸዋል፣ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከስልጣን ሲወርዱ አባትየው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ይዘው መነሳታቸውን፣ ከደሴ እስከ ሸዋ መንገዱን፣ ስንቁን፣ ከዛ ገጹ መሃል ላይ "ቀሪው በቴፕ" ብለህ አቁመሃል። እና ሰው በመጣ ቁጥር፣ ዩኒቨርስቲ ልጆች ሳይቀሩ፣ ቀሪውስ ሲሉህ መልስህ አንድ ነው፣ "ቴፑ በላው።"

አልበላውም።

በ1988 ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሬድዮ ላይ የምወደው ዘፈን ሊመጣ ነው፣ ባዶ ካሴት የለኝም፣ ካሴት ደሞ ያኔ ለኛ ውድ ነው። መሳቢያህን ስከፍት "ሰገሌ፣ 1972" የሚለውን አገኘሁ። እንዳይቀዳበት ብለህ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ጥርስ ሰብረህባታል፣ የካሴት ጥርስ ለምን እንደሚሰበር አውቅ ነበር፣ ራስህ ነህ ያሳየኸኝ። ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ስለዚህ ልጅ ነበርኩ፣ ሳላውቅ ነው ብዬ ማምለጥ አልችልም። ቀዳሁ፣ ሦስት ቀን ሰማሁት፣ ፕላስተሩን ልጬ ቦታው መለስኩ። ከወራት በኋላ ለእንግዳ "ቴፑ በላው" ስትል ሰማሁና ወላሂ ደስ አለኝ፣ እግዜር ነው የሸፈነልኝ፣ እኔ ካበላሸሁት በኋላ ቴፑም በልቶታል ማለት ነው ብዬ። እንደዛ ብዬ 30 ዓመት ኖርኩ።

ለመስቀል ካሴቱን አገኘሁት። በ2014 ደሴ በጥቅምት ስትያዝ፣ ስልክ ተቋርጦ እኔ እዚህ ስቅበዘበዝ፣ አንተ አልወጣም ብለህ ደብተሩን ማገዶ እንጨት ስር የቀበርክበት የጤፍ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የነበረው፣ እስከዚያ አላወጣኸውም ነበር። (ሙዚየሙ መዘረፉን ሰምተህ በማግስቱ ከዘራህን ይዘህ ሙዚየሙ ያለበት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት በር ላይ ቆመህ ነበር አሉ፣ ይሄንንም እማዬ ናት የነገረችኝ፣ አንተማ መች ታወራለህ።) ክሩ አልተጨማደደም። አልተበጠሰም። ሳጥኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ በደቃቁ፣ "ከ11ኛው ደቂቃ በኋላ ዘፈን። 1988" ይላል።

ታውቅ ነበር። በዚያን ዓመት እቤት ውስጥ ዘፈን የሚቀዳ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። 61 ደብተር ላይ ማን እንደተናገረ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ከማን እንደሰማ ሳትጽፍ ያለፍክበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው። ዘመኑን ጻፍክ፣ ደቂቃውን ጻፍክ፣ ስም ግን የለም። ቀን የተሳሳተን ሰው ቡና ሳይጠጣ የምትሸኝ ሰውዬ፣ እኔ የአጼ ዮሐንስን የጅራታም ኮከብ ተረት ለክፍሌ ብናገር ማን ነገረሽ ብለህ ራት ያስቆየኸኝ ሰውዬ፣ በእንግዳ ሁሉ ፊት አንድ ውሸት 30 ዓመት ሙሉ ሳትሰለች ደጋገምክ።

ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። ይቅር በለኝ ነው፣ በቃ።

ካሴቱን ሳልነግርህ ይዤው መጥቼ ነበር፣ ይሄንንም ይቅር በለኝ። እዚህ ፒያሳ አንድ ልጅ ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ። 11ዱ ደቂቃ ጥርት ያለ ነው። ሽማግሌው ቶራ መስክ ላይ ማሸነፋቸውን ይናገራሉ፣ የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ መሞታቸውን፣ ካምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር ማደሩን። አንተ "ከዚያስ" ትላለህ፣ ድምጽህ የልጅ ነው። እሳቸው ያስላሉ፣ "እስቲ ውሃ ስጠኝ፣ ተዚያ ወዲያ ያለውን" ይላሉ፣ እዚህ ጋ ዘፈኑ ይገባል።

ተዚያ ወዲያ ያለውን የሰማ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ወሎ እንደተሸነፈ፣ ንጉሡ እንደተማረኩ ማንም ያውቃል፣ እሱን አይደለም የምጠይቅህ። እሳቸው የት ነበሩ፣ ጠመንጃውን ምን አደረጉት፣ እንዴት ተመለሱ። የምታስታውሰውን ያህል። ለገና እመጣለሁ፣ በስልኬ እቀዳሃለሁ፣ የስልክ መቅጃ የሚሰበር ጥርስ የለውም አትስጋ። ከዛ ስለ ደብረ ብርሃንም እጠይቅሃለሁ፣ ስለ መዝገቡም፣ መመለስ የማትፈልገውን ትዘለዋለህ።

ፍላሹን፣ የደም ግፊት መድኃኒትህንና ሁለት ቀይ እስክሪብቶ በአክስቴ ልጅ እጅ ልኬያለሁ፣ ቅዳሜ በሚነሳው አውቶቡስ ነው የሚመጣው። ካሴቱንም። እዛች ቀይ ጽሑፍ ስር ስሜን እስከ አያት ጻፍበት፣ በትልቁ።

ፍላሹን የጎረቤት ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካልህ፣ ድምጹን በደህናው ጆሮህ በኩል አድርጉት። ዘፈኑ ሲጀምር አጥፋው። ወይም ተወው፣ እማዬ ትወደዋለች።

ልጅህ