ደብዳቤ ለልጄ፦ ግዕዙስ ለእኔ መቼ ገባኝ?

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነም።

በቀደም ስንደዋወል «እማ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ምን አገኛለሁ? ግዕዙ አይገባኝ፣ ስብከቱን በዩቲዩብ እሰማዋለሁ» አልሽኝ። ዝም ያልኩሽ ተናድጄ አይደለም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

ስብከቱስ እውነትሽን ነው፣ ሞልቷል። አንዳንዱ እንዲያውም ከእኛ ሰፈር ሰባኪ ይሻላል፣ ይቅር ይበለኝ።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ አይደል የሚባለው? ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን እስቲ እንደገና አንብቢው። ሰውየው 38 ዓመት ታሟል። መጠመቂያው ዳር ሰው እንደ ጉድ ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «አዎ» እንኳን አላለም። መጀመሪያ የተናገረው ሰው እንደሌለው ነው። ውሃው ሲናወጥ ደግፎ የሚያስገባው አጥቷል። እኔን በየዓመቱ የሚያንገበግበኝ በሽታው አይደለም፤ በአጠገቡ እያለፉ ገብተው የዳኑት ናቸው።

እናንተም ጋ እንደ እሱ ሰው የሌላቸው አሉ። ሜሪላንድ የመጣሁ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የሄዱ እናቶች። እንግሊዝኛ አያውቁ፣ መኪና አይነዱ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶባቸው ከሰው ጋር እንደ ልብ የሚያወሩት እሑድ ብቻ ነው። ልጃቸው እሑድ ሥራ ከገባች ደግሞ እሱም ይቀራል።

እና አንዷን እናት ከቤታቸው አንስተሽ ሂጂ። የማይገባቸው ደብዳቤ ከመጣ አንብቢላቸው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ካላቸው አስተርጉሚላቸው። ጠበል ጸዲቅ ሲታደል ብቻውን የቆመ ልጅ ካየሽ ጠጋ ብለሽ አውሪው። የመኪና ቁልፍ እያሽከረከሩ «ሰላም ነው?» ማለት ግን አይቆጠርም።

ግዕዙስ ለእኔ መቼ ገባኝ? ግን ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለን። ተረኛዋ ዳቦና ጠላዋን ይዛ ትመጣለች፣ የኔ ቢጤውም ይበላል፣ እኛም እንጫወታለን። አንዷ ከቀረች «የት ጠፋች?» ይባላል። ከሰዓት ቤቷ እንሄዳለን። ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ብቀር አጥሚት ይዘው መጥተው እስኪመሽ ሲያስቁኝ ዋሉ። አባትሽ መተኛት አቅቶት ተነጫነጨ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ትጉ መሆንሽን ሲያዩ ኮሚቴ ውስጥ ሊከቱሽ ይጣደፋሉ። ለጊዜው እምቢ በይ። ስብሰባና ጭቅጭቅ ይበላሻል፣ እናቶቹን ማን ያመላልስ?

የምትወስጃቸውን እናት ስታገኚ ንገሪኝ። የየት አገር ሰው እንደሆኑም ጠይቂልኝ። በቅርቡ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከአንቺ በርበሬና ሽሮ ጋር የእሳቸውንም ጨምሬ እልካለሁ።

እናትሽ