ካሴቱ እኔ ጋ ነው

አንተዬ፣ እንደምን ከረምክ?

ብዙ ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ሁለቴ ደውለህ አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል እያልኩ ዓመቱ ሄደ። ይቅር በለኝ። ስለ ሥራውና ስለ ልጆቹ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሜናርድን አገኘኋት።

አዎ፣ ያቺኑ ሜናርድ። የዚያ የአሜሪካ ሮክ ባንድ፣ የቶኪንግ ሄድስ ካሴታችን ወረቀት ላይ የነበረችውን። አንተ የሰው ስም ነው ብለህ ድርቅ አልክ። እኔ ደግሞ የማሽን ስም ነው እል ነበር። ለካስ ከተማ ናት! ከቦስተን በስተምዕራብ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ትደርስባታለህ። ባለፈው ማክሰኞ ዕቃ ላደርስ ስሄድ አረንጓዴው የመንገድ ምልክት ላይ ስሟን አየሁት። ልቤ ድው አለ። ስንት ዓመት አጠገቤ ነበረች! መንገዴን ትቼ ገባሁ።

ትንሽ ከተማ ናት። አሳቤት የሚባል ወንዝ አላት። ከወንዙ አጠገብ ትልቅ የቀይ ጡብ ሕንፃ አለ፤ ድሮ የሱፍ ፋብሪካ ነበር፣ ኋላ ዲጂታል የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አደረገው። ስቱዲዮው የት ጋ እንደነበር ማንንም አልጠየቅኩም። ሕንፃው ጋ መኪናዬን አቆምኩና ኤ ሳይዱን ከስልኬ ላይ ከፈትኩ።

እኛ ኮንሰርት ነው እያልን የምንሰማው የካሴቱ መጀመሪያ፣ ለካስ ለራዲዮ የተጫወቱት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1977፣ ሜናርድ ውስጥ በኖርዘርን ስቱዲዮ፣ ደብሊው ሲ ኦ ዜድ ለሚባል የቦስተን ጣቢያ። የመጀመሪያ አልበማቸው ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። አራተኛው ሰው፣ ጄሪ ሃሪሰንም ከተቀላቀላቸው ዓመት አልሞላውም። እዚሁ ሃርቫርድ አርክቴክቸር ሲማር ነው ያገኙት። ቲና ዌይማውዝ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ባስ፣ የጀመረችው ባንዱ ባሲስት ስላጣ ነው። አንተ ከሕፃንነቷ የተማረች ነው ትል አልነበር?

እ.ኤ.አ. በ1975 ሦስት ሆነው የቀረጹትን የሙከራ ቅጂም ፈልጌ ሰማሁት። ያን ጊዜ ኒውዮርክ፣ ሲቢጂቢ በምትባል የሙዚቃ ቤት፣ ራሞንስ ከሚባለው ባንድ በፊት እየወጡ ነበር የሚጫወቱት። ቅጂው ደረቅ ነው፣ አጥንቱ ብቻ ነው የሚሰማህ። ግን ወደድኩት። ምን እንደሚፈልጉ ያኔም ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው አራተኛው ሰው ነው። ሜናርድ ላይ እሱ አለ። የክሪስ ፍራንዝ ከበሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሁለቱ ጊታሮች እርስ በርስ እየተነጣጠቁ ይጫወታሉ፣ ዘፋኙ ዴቪድ በርን ደግሞ ድምፁ ሊሰበር ሲል ይይዘዋል። የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ይህ ሁሉ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ ነው ያለው። ለራዲዮ ሲጫወቱ ግን የሚጠረግ ነገር የለም። እኔን ብትጠይቀኝ ከዚያ ቀን የተሻለ ተጫውተው አያውቁም። ኋላ ሰው ጨምረው የተጫወቱበትን ትልቁን ባንድ እንደምታስበልጥ አውቃለሁ። አሁንም አልስማማም።

በርን ዘፈን ሲያስተዋውቅ ትዝ ይልሃል? «የዚህ ዘፈን ስም እንዲህ ነው» ብሎ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምር፣ እንደ ተማሪ። አንተ ደግሞ ትሪው ሲቀርብ ብድግ ብለህ «የዚህ ምሳ ስም ሽሮ ነው» ስትል እናትህ በሳቅ ሲፈርሱ! መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ ካሴታችን የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አለ አይደል? ቴፑ በልቶት በቢክ እስክሪብቶ ያጠነጠንነው። ድምፁ ወረድ ይልና ተንገዳግዶ ይመለሳል። ቦታው ሲደርስ ትከሻዬን ይዤ ጠበቅኩት። ስልኩ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ አለፈ። ዘፈኑ የተሳሳተ ነው የመሰለኝ! መልሼ ከፈትኩት። አሁንም አለፈ። እንባዬ መጣ። ያቺ መንገዳገድ የዘፈኑ አልነበረችም፣ የእናንተ ቤት ነበረች።

እንግዲህ... እንዴት ልበልህ። ካሴቱ እኔ ጋ ነው።

ስሄድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሊሸኙኝ ቤታችሁ የተሰበሰቡ ቀን፣ አንተ ለስላሳ ልታመጣ ስትወጣ ከቴፑ አውጥቼ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት። ብለምንህ እንደምትሰጠኝ አውቅ ነበር። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ኋላ በደብዳቤህ ታናሽ ወንድምህ አውጥቶ ሸጦታል ብለህ እንደመታኸው፣ አጎትህም ያመጡልህን ዕቃ አልጠበቅክም ብለው እንደተቆጡህ ጻፍክልኝ። ያንን ደብዳቤ አንብቤ ስለ አየሩ መለስኩልህ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። የካሴታችን አልበም በሲዲ እስኪወጣ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ፣ በሸክላና በካሴት ብቻ ነበር፤ ለራሴ «ሌላ የለኝም» እያልኩ አቆየሁት። ሲዲው ወጣ፣ ገዛሁት፣ አሁንም አልመለስኩልህም። ልጁ አንድም ቀን አልወሰደም። በቁም ነገር ነው የምልህ፣ ንገረው። ወይም ስልክ ቁጥሩን ላክልኝ፣ ራሴ እነግረዋለሁ። ራሴ ብነግረው ይሻላል መሰለኝ።

የሚቀጥለው ወር የባለቤቴ እህት ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከነወረቀቱ፣ ለእሷ እሰጣታለሁ። ወረቀቱ ጥጉ ላይ ተቀዷል፣ ሜናርድ የሚለው ግን ይነበባል። ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ወልቃ ስለነበር መልሼ አጣብቄያታለሁ። ክሩ ላልቷል፤ ከመክፈትህ በፊት በእስክሪብቶ አጥብቀው። ያ ቴፕ አሁንም አለ? ከሌለ ቶሎ ጻፍልኝ፣ አንድ አብሬ እልካለሁ።

ወንድምህንም ጥራው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ያንተው